ጠያቂው ሲነቀል

ባህር ዳር ውስጥ ቴሌቪዥንና የኔትወርክ ዕቃ እሸጣለሁ፤ እገጥማለሁም። ጣና ዳር ላለው የእንግዳ ማረፊያ ቴሌቪዥኖቹን በረከሰ ዋጋ የገጠምሁት ለባለቤቱ ለጋሼ አዝኜ አይደለም። የዳርቻው ማረፊያ ሁሉ የሚሰማው እሳቸውን ስለሆነ፣ ሥራዬን ከወደዱት ሌሎቹም ይጠሩኛል ብዬ ነው።

ከአንድ ቦታ የሚወጣ ምስል ለክፍሎቹ ሁሉ ይዳረሳል። ግን ስዊቹ፣ ገመዶቹ የሚሰበሰቡበት ሳጥን፣ ዝም ብሎ አይበትንም። እንግዳው ጣቢያ ሲከፍት ቴሌቪዥኑ «እኔም አለሁበት» ይላል፤ ምስሉም እንዲህ ላለው ብቻ ይላካል። ኢንተርኔት የሚያስገባው ሳጥን፣ ራውተሩ፣ ደግሞ በየጊዜው «አሁንም የሚያይ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። መልስ ያልተሰማበት ክፍል እንደ ሄደ ይቆጠራል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ከሐሙሲት ስመለስ ጋሼ ደወሉ።

«አንተ ሰውዬ፣ ምንድን ነው የሸጥህልኝ? ኳሱ አየር ላይ ቆመ እኮ!»

በቀጥታ ሄድሁ። እንግዶቹ በረንዳ ላይ ወጥተዋል። አንዱ «ወንድሜ፣ ቴሌቪዥንህ ካልነካኩት ይተኛል» ብሎ ሳቀብኝ። እውነቱን ነው፤ ጣቢያ ቀይረው ሲመለሱ ምስሉ ይመጣል፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ድርቅ ይላል።

ስዊቹ ያለበትን ቁም ሳጥን ከፈትሁ። በራውተሩ ሶኬት ላይ ከደልጊ የመጣ ዓሣ የያዘ ማቀዝቀዣ ተሰክቷል።

«ጋሼ፣ ራውተሩን ማን ነቀለው?»

«እኔ ነኛ! ኢንተርኔቱ በሌላ ሳጥን ሆኗል። ይኼ ብልጭ ድርግም ከማለት በቀር ምን ሥራ አለው? መብራት ይበላል።»

«ሥራውማ መጠየቅ ነበር። እሱ ካልጠየቀ ቴሌቪዥኖቹ አይመልሱም፤ ካልመለሱ ስዊቹ ሁሉም ሄደዋል ብሎ ይዘጋባቸዋል።»

«ኳስ የሚያይ ሰው እያየህ ነው ወይ ተብሎ ይጠየቃል? ቁጭ ብሎ ሲያይ አይታይም?»

«ስዊች ዓይን የለውም፣ ጋሼ።»

ለማቀዝቀዣው ከወጥ ቤት ማራዘሚያ ስቤ ራውተሩን መልሼ ሰካሁት። ሁለተኛው አጋማሽ ሳይቆም ታየ። ጋሼ ግን እኔው ፊት ለእንግዶቹ «ዕቃው ተበላሽቶበት ጠገነው» አሏቸው። መፍቻዬን ሰብስቤ ወጣሁ። ትልቅ ሰው በእንግዳ ፊት ይዋረዳል እንዴ?

ጎረቤታቸው ለራሱ ማረፊያ ቴሌቪዥን ሲያስገጥም ሌላ ሰው ጠራ። ሄጄ ምክንያቱን ብጠይቀው አልደበቀኝም።

«ጋሼ ዕቃህ ይተኛል አሉ። አንተም አጠገባቸው ሆነህ አላስተባበልህም።»

ሌላው የገጠመለት ስዊች ማንንም ሳይጠይቅ፣ ላየውም ላላየውም፣ ለሁሉም ገመድ የሚበትን ርካሽ ነው። የምስሉ ጎርፍ ኢንተርኔቱን አንቆ ይዞታል። ኳሱ ግን አይቆምም፤ ስለዚህ ባለሙያ የሚባለው እሱ ነው፤ የሚሰደበው ደግሞ ኔትወርኩ። የቀሩትንም ማረፊያዎች የሚሠራው እሱ ነው።