በአዝራር ቆርቆሮ ውስጥ ያለችው ካፕሱል

ትናንት የሱቁን መደርደሪያ ሳጸዳ የድሮው የአዝራር ቆርቆሮ እጄ ገባ። ስከፍተው የዛገ ብረትና የአሮጌ ክር ሽታ ወጣ። ከአዝራሮቹ ሥር ያቺ ቀይና ቢጫ ካፕሱል በላስቲክ እንደተጠቀለለች ተቀምጣለች። ቀለሟ ደብዝዟል። የኔ ንዴት ግን አልደበዘዘም።

እናቴ መርካቶ፣ ሰባተኛ ላይ ክርና አዝራር ትሸጥ ነበር። ልብስ ሰፊዎች የጨርቅ ቁራጭ ይዘው ይመጣሉ። እሷ ቁራጩን ደጃፍ ላይ ፀሐይ ታሳየውና ከዚያ ሁሉ ጥቅል መካከል ትክክለኛውን ክር መዝዛ ታወጣለች። ስታ አታውቅም። «እትዬ፣ ዓይንዎን ይሽጡልኝ» ይላት ነበር አንድ ሽማግሌ ሰፊ።

ታላቅ እህቴ ቶንሲል ሲያማት ጤና ጣቢያ ያቺን ቀይና ቢጫ አዘዙላት። በማግስቱ ገላዋን ሽፍታ ወረሰው፣ ከንፈሯ አበጠ። መልሰን ስንወስዳት መድኃኒቱን ያዘዘላት ሰውዬ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት «ይቺ አትስማማትም፤ ሁለተኛ እንዳትወስድ» አለ። በቃ! የመድኃኒቷን ስም አልነገረን፣ በወረቀት አልጻፈልን። እናቴም የምታውቀውን አደረገች፤ ከተረፉት አንዷን እንደ ጨርቅ ቁራጭ ለናሙና አስቀመጠች። ከዚያ ወዲህ ቤታችን የገባ መድኃኒት ሁሉ ከእሷ ጋር ሳይተያይ አይዋጥም ነበር።

በዓመቱ የእህቴ ጉሮሮ እንደገና ታመመ። ገበያው የደራበት ቅዳሜ ስለነበር እናቴ ሱቁን ትታ መሄድ አልቻለችም፤ የአሥራ አራት ዓመቷ እኔ መድኃኒት ቤት ተላክሁ። ሻጩ ስልክ እያወራ ከማሸጊያው ላይ በመቀስ ቆርጦ ሰጠኝ። ስሙ የተጻፈበት ጎን እሱ እጅ ቀረ።

«ጋሼ፣ ስሙ ምንድን ነው? እህቴን የማይስማማት አለ» አልኩት።

«የጉሮሮ አላልሽም? የጉሮሮ ነው! ወረፋ አትዝጊ!»

የትኛው ነው የማይስማማት ብሎ መጠየቅ የነበረበት እሱ ነበር። አንዲት ጥያቄ! ከኋላዬ የቆሙት ገፉኝና ወጣሁ።

እናቴ አዲሱን ካፕሱል ከናሙናዋ ጎን መዳፏ ላይ አድርጋ ፀሐይ ላይ ወጣች። ሰማያዊና ነጭ ነው። አገላብጣ አየችው።

«ይሄ ሌላ ነው። ዋጪው ልጄ።»

«እማ ደግሞ፣ እኔንም እንደ ክር!» አለች እህቴ እየሳቀች። ዋጠችው።

ብዙም አልቆየ። መጀመሪያ መዳፏን አከከች። ከዚያ ድምፅዋ ጎረነነ፣ ዓይኗ እስኪጠፋ ፊቷ አበጠ፣ ትንፋሽ አጠራት። አንድ ተሸካሚ አዝሏት ሮጠ፤ እኔ ከፊት «መንገድ! መንገድ!» እያልኩ እጮሃለሁ። ጋሪ አለ፣ ሚኒባስ አለ፣ መንገድ ላይ ሸራ ያነጠፈ ነጋዴ አለ። ቅዳሜ መርካቶ ለማን መንገድ ይሰጣል? ሐኪም ቤት ስንደርስ እህቴ አትተነፍስም ነበር። ብዙ ታገሉላት፤ አልመለሷትም።

ተረኛዋ ሐኪም እናቴ ይዛ የመጣችውን ናሙናና ከአዲሱ የተረፈውን ካፕሱል ተቀብላ ላያቸው ላይ ያሉትን ደቃቅ ፊደላት አነበበች። «ሁለቱም አሞክሳሲሊን ናቸው። ቀለሙን ፋብሪካው ነው የሚመርጠው» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አለርጂ በሁለተኛው ጊዜ ሊብስ ይችላል። ማንም አልነገራችሁም?» ስትል ጠየቀችን።

ማንም አልነገረንም! እኔስ ብትል፣ እንግሊዝኛ እማር አልነበር? ያን ደቃቅ ፊደል ማንበብ አቅቶኝ ነው? ሁላችንም የእናቴን ዓይን አምነን ተቀመጥን። ዛሬም መድኃኒት ቤት ገብቶ «ያቺን ነጯን ስጠኝ» የሚል ሰው ስሰማ ደሜ ይፈላል። ስሟን ጠይቅ፣ አስጽፍ፣ ኪስህ ውስጥ ያዝ እያልኩ የማላውቀውን ሰው እቆጣለሁ። ሰዎች ያበደች ይሉኝ ይሆናል፤ ይበሉ።

ከአርባው በኋላ እናቴ ሱቁን ከፈተች። ያ ሽማግሌ ሰፊ እንደ ልማዱ ቁራጭ ጨርቅ ዘረጋላት። ተቀበለችው። ወደ ደጃፉ ሁለት እርምጃ ሄደችና ፀሐዩ ጋ ሳትደርስ ቆመች። ከዚያ ተመልሳ ጨርቁን እኔ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

«አንቺ እይለት» አለችኝ።