አንገት አያለቅስም

ከወገዳ ወረድ ብለው ባሉት ጎጦች ሰው ሲሞት፣ ከጥሩንባው ቀጥሎ የሚፈለገው የማንአለሽ አፍ ነበር። እሷ ሙሾ ስታወርድ ከሟቹ ጋር በድንበር የተካሰሰው ሳይቀር ፊቱን በጋቢው ይሸፍናል። አንድ አራሽ በሰኔ ድንገት ቢሞት እንዲህ ብላ አገር አስለቀሰች፦

ሞፈሩን ቀንበሩን ከደጅ አጋድሞ፣
ገና በማለዳው ምን አስተኛው ደክሞ?

እናቷ ፋንቱ በየለቅሶው ፊት ለፊት ተቀምጣ ልጇን እያየች ትኮራ ነበር። በሰው ሞት መኩራት ደግ ባይሆንም፣ እናት ናትና ማን ይፈርድባታል።

ማንአለሽ አንገቷ ላይ እንቅርት ነበራት። በዚያ ደጋ እንቅርት ማን የሌለው አለ? እናቷም አላት፣ አክስቶቿም። አፈሩ አዮዲኑ በጎርፍ የታጠበ ነው፤ ጨውም ገበያ ላይ ስንት ፀሐይና ዝናብ ተፈራርቆበት ነው ወጥ ውስጥ የሚገባው። ስለዚህ እንቅርቱን በሽታ ብሎ የቆጠረው አልነበረም።

የመጨረሻ ልጇን ከወለደች ወዲህ ግን ሰውነቷ እየዘገየ ሄደ። በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ትደርባለች። እህል ሳትቀምስ ትወፍራለች፤ ፊቷ ያብጣል፣ ፀጉሯ ማበጠሪያው ላይ ይቀራል። ድምፅዋ ጎረነነ። ስንኝ ትጀምርና ቤት መምቻው ይጠፋታል። ጎረቤት ግን «ማንአለሽ ጠግባለች» አለ። የከሳ ሲያይ የሚያዝን አገር፣ የወፈረ ሲያይ ማማት እንጂ መጠየቅ አያውቅም።

በዚህ መሀል ታናሽ ወንድሟ ይሁኔ በሬ ሊመልስ ወርዶ ከገደል ወድቆ ሞተ። ለቀስተኛው ለማንአለሽ ቦታ ለቀቀላት። አፏን ስትከፍት የወጣው እንደ ወፍጮ ያለ ሻካራ ድምፅ ነው። ዓይኗም ደረቀ። ሐዘኑ ለራሷም ከሩቅ አገር እንደ ሰሙት መርዶ ሆነባት፤ ያ ደግሞ ከሞቱ ይልቅ አስፈራት።

ፋንቱ ጠበቀች። ልጇ ዝም ስትል ግን ከሕዝቡ ፊት ተነሣች።

«ወንድምሽን ካላለቀስሽ እኔንም እንዳታለቅሺኝ። ሬሳዬ ላይ ድምፅሽን ብታሰሚ አጥንቴ ይውጋሽ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ቀብረኛው ሁሉ ሰማ።

ባሏ ጌታነህ የኋላ ኋላ ጤና ጣቢያ ወሰዳት። የትናየት የምትባለው ባለሙያ አንገቷን ዳሰሰች፣ ብርድ ብርድ ይላት እንደሆነ ጠየቀች፤ ደሟም ተመርምሮ ውጤቱ መጣ።

«እትዬ ማንአለሽ፣ አንገትዎ ላይ ያለችው ዕጢ ደክማለች። ለመላ አካልዎ እሳት የምታነድ እሷ ነበረች። እሷ ስትቀዘቅዝ ልብም፣ አንጀትም፣ ኩላሊትም ሥራው ይዘገያል። መድኃኒቱን ጧት ጧት በባዶ ሆድ፣ ዕድሜ ልክ ነው የሚውጡት።»

«እንባስ? እንባም ያደርቃል?»

«ሐዘንም ደስታም ያደነዝዛል፤ ዓይንም ያደርቃል» አለቻት።

ክረምቱ ሲወጣ ሙቀቱ ተመለሰላት። አንድ ጧት ሽንብራ ስትለቅም የይሁኔ ሳቅ ትዝ ቢላት፣ እዚያው ተቀምጣ እስኪመሽ አለቀሰች። ጌታነህ ዳነችልኝ ብሎ ተደሰተ፤ ከዚያ በመደሰቱ አፈረ።

በማግሥቱ እናቷ ዘንድ ሄደች። ስለ ዕጢዋ ነገረቻት።

«እማ፣ ያን ቃልሽን አንሺልኝ።»

ፋንቱ ራሷን በሻሽ ጥፍር አድርጋ አስራለች። ልጇን ከቀበረች ወዲህ ራስ ምታት አይለቃትም፤ ከገበያ የምትገዛውን ማስታገሻ በየቀኑ ትውጣለች።

«አንገት አያለቅስም ልጄ» አለች። «የሚያለቅስ ልብ ነው። እሱ ሲመለስ ቃሌም ይመለሳል።»

ያ ራስ ምታት ግን የደም ግፊት ኖሯል። ግፊቱም ያ ሁሉ ማስታገሻም ኩላሊቷን ሲጎዱ መክረማቸው የታወቀው እግሯ አብጦ ምግብ ሲዘጋት ነው። ማንአለሽ ሰውነቷን እያጠበች፣ ውኃ በማንኪያ እያጠጣች አስታመመቻት። በየቀኑ «አንሥቼልሻለሁ» የምትላትን ያቺን አንድ ቃል ጠበቀች። ፋንቱ እጇን ይዛ ዓይን ዓይኗን ታያት ነበር፤ በኋላ አፏ ተያዘና ምንም ሳትል ሞተች።

በቀብሩ ዕለት ሕዝቡ ወደ ማንአለሽ ዞረ። ድምፅዋ ድሮ እንደነበረው ጥርት ብሏል፤ ስንኙ ራሱ እየመጣ ጉሮሮዋ ላይ ይደረደራል። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ነከሰችው። እንባዋ ይወርዳል፤ አንገቷን ደፍታለችና ያየላት የለም።

«ለወንድሟም እንዲሁ ነበረች» አለች ከኋላ አንዲት ሴት።

ያን ዕለት ማንአለሽን የሚያማት ምንም አልነበረም።