ሳላውቅ ያልኩት አሚን

ጌታ ይባረክ! ወገኖቼ፣ ዛሬ አንድ ነገር ልመስክር ብዬ ነው የቆምኩት። ማይክ መያዝ አልለመድኩም፤ እጄ የለመደው ጎማ መለጠፍ ነው። ሮቢት ውስጥ ሳይክሉ የተበላሸበት ሁሉ ያውቀኛል። ቀድሜ ልንገራችሁ፣ የፈውስ ምስክርነት እንዳትጠብቁ። ባለቤቴ ብርቱካን አልዳነችም። እንዲህም ሆኖ ክብር ለስሙ ይሁን!

ብርቱካንን ታውቋታላችሁ፤ እዚያ መስኮቱ ጋ ነበር የምትቀመጠው። እኔ እስከዚህ ጸሎት ቤት በር አድርሻት እመለሳለሁ። «ግባ እንጂ፣ አይበሉህም!» ስትለኝ «አንቺ ለሁለታችንም ጸልዪ» እላታለሁ። እየሳቀች ትገባለች። አቤት ሳቋ!

ከዚያ እግሯ ማበጥ ጀመረ። ሙቀቱ ነው አልን። ደብረ ብርሃን ስወስዳት ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ «ሁለቱም ኩላሊቶቿ ደክመዋል፤ እጥበቱን ካቋረጠች አትቆይም» አለኝ። እዚያው እህቷ ቤት ተቀመጠች። እኔ ያለኝን ሸጥኩ፣ አለቀ፤ የሚሸጥም ጠፋ።

ያን ጊዜ ነው የእናንተ ወጣቶች «ከኮምቦልቻ ደብረ ብርሃን ድረስ በሳይክል እንሂድ፤ በየከተማው ለብርቱካንና እንደ እሷ ለታመሙት እርዳታ እናሰባስብ» ያሉት። ሽማግሌያችን ጋሽ ወርቁ «ሳይክል ሲሰበር ማን ይጠግናል?» ሲሉ «እኔ» አልኩ። በስልክ ስነግራት «አንተ? የጣርማበርን ዳገት በሳይክል? ጉድ ፈላ!» ብላ ሳቀች። ወዲያው ድምጿ ዝቅ አለና «በል፣ ስትደርስ እጠብቅሃለሁ» አለችኝ።

ጸሎት የማላውቀው ሰውዬ ከኮምቦልቻ ስንነሳ «የብርቱካን አምላክ፣ እሷን አድንልኝ እንጂ የአንተ ነኝ» አልኩ። ወገኖቼ፣ ሕዝባችን ደግ ነው! ከሚሴ ላይ ከመስጊድ የወጡ አባቶች ቆመው ሰጡን። አጣዬ ቤታቸው የተቃጠለባቸው ሰዎች ሳይቀሩ ኪሳቸውን ዳበሱ። እኔማ እያለቀስኩ ነው የነዳሁት።

አጣዬን እንደወጣን አብሮኝ ለሚነዳው ለወንድም ተስፋዬ ስልክ ተደወለ። ሰምቶ ዘጋው። ከዚያ በኋላ ከኋላዬ ቀረ። ፀሐዩ ነው ብዬ ተውኩት።

ቀወት ስንገባ መንገድ ዳር ሽንኩርት የሚሸጡት እትዬ ዘሃራ አዩኝ። ብርቱካን ደንበኛቸው ነበረች። ከተቀመጡበት ተነስተው ሁለት እጃቸውን ዘረጉና «አላህ ሶብሩን ይስጥህ ልጄ! ሶብሩን ይስጥህ!» አሉኝ። እኔ ለዳገቱ የመረቁኝ መሰለኝ! ጣርማበርን በትዕግሥት እንድወጣው! እንደ አገራችን ወግ በእሳቸው አፍ «አሚን! አሚን እትዬ!» ብዬ፣ እጄን አውለብልቤ እየሳቅሁ አለፍኩ። ሶብር ለሐዘንተኛ እንደሚባል የሮቢት ልጅ አጥቼው ነው? ልቤ እምቢ ብሎ ነው እንጂ።

ሮቢት መግቢያ ላይ ጋሽ ወርቁና ጎረቤቶቼ ቆመዋል። ሊቀበሉን ወጡ አልኩ። ጋሽ ወርቁ የሳይክሌን መሪ ያዙና «ውረድ ልጄ፣ እስቲ አረፍ በል» አሉኝ።

«ኧረ አላርፍም፣ እየጠበቀችኝ ነው።»

«ብርቱካንን ወደዚህ እያመጧት ነው» አሉኝ።

«ተሻላት?» አልኳቸው።

መሪውን ሳይለቁ አንገታቸውን ደፉ። ተስፋዬ ከኋላዬ መሬት ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል።

ቀበርናት። ጋሽ ወርቁ ሊጸልዩልኝ ሲሉ «ለማን ነው የሚጸልዩት? ማን ሰማን?» ብዬ ጮህኩባቸው። እውነቴን ነው፣ ተቆጥቼ ነበር። እትዬ ዘሃራ ለቅሶ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። «እትዬ፣ ያን ዕለት እኮ አላወቅሁም ነበር» አልኳቸው። አፋቸውን ያዙ። «ውይ ልጄ! አሚን ስትለኝ የሰማህ መስሎኝ! ‹ሐዘኑን እንዴት ችሎት ነው› ብዬ ገርሞኝ… እኔ እንደሆንኩ ዱዓውን አላቋረጥኩም፤ ሶብሩን እስኪሰጥህ እለምንልሃለሁ» አሉኝ።

ያን ጊዜ ከውስጤ አንድ ነገር ተፈታ። ወደ ጓሮ ወጣሁ፣ ተንበረከክሁ። «ጌታ ሆይ፣ ሳላውቅ ያልኩትን አሁን አውቄ እላለሁ። እሷን ከለከልከኝ፤ ገባኝ አልልህም። አንተን ግን አትከልክለኝ። አሜን» አልኩ። እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም። ስነሳ ሐዘኑ እዚያው ነው፤ ብቻዬን ግን አልነበርኩም። ሃሌ ሉያ! በዚያው ሳምንት ብርቱካንን ሸኝቼ እመለስበት በነበረው በር ራሴ ገባሁ።

ያሰባሰብነው ገንዘብ ከእሷ ጋር ኩላሊቷን ትታጠብ ለነበረች ለአንዲት የቀወት እናት ሆነ። ጌታ ይመስገን፣ እሷ እስከ ዛሬ አለች።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ለምነህ ያጣህ፣ ለምነሽ ያጣሽ እዚህ ካላችሁ፣ አልዋሻችሁም፤ ቤቴ ስገባ አሁንም ጭር ይልብኛል። ግን የሚያዝንላችሁ ጌታ አለ፣ እመኑት። እንደ ተቆጣችሁም ቢሆን ኑ። እኔ መስኮቱ ጋ፣ የእሷ ቦታ ላይ ነው የምቀመጠው። መንገዱ ገና ነው፤ እሱ ያደርሰኛል። ስትደርስ እጠብቅሃለሁ ብላኛለችና አሜን በሉልኝ።