መስታወት ተሸክሞ አይሳቅም

መስታወት ቆራጩን ሰፈሩ «ኮስታራው» ይለዋል። እሱ ፈገግ ካለ በበጋ ዝናብ ይጥላል እያሉ ይቀልዱበታል። ሰው መቼስ ለወሬ ልጓም የለውም፤ ኩራት ነው የሚል አለ፣ ጥጋብ ነው የሚልም አለ። ነገሩን ከሁሉ ይበልጥ ሆዱ ውስጥ ያስገባው ግን የሚስቱ ወንድም ነው። ሁለቱ አንድ ሱቅ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሠርተዋል፤ አንዱ ይቆርጣል፣ ሌላው ጠርዙን ይሞርዳል፣ ትልቅ ትልቁን አብረው ይሸከማሉ። አማቹ አፉ አያርፍም፤ ካልቀለደ እጁም አይሠራለት። ኮስታራው ታዲያ ገና ከጅምሩ አንድ ሕግ አወጣ፦ መስታወት ተሸክሞ አይሳቅም።

«ምን ትሆናለህ? ጥርስህ ይረግፋል?» ይለዋል አማቹ። እሱ መቁረጡን ይቀጥላል።

እውነቱን ልንገራችሁ። ይህ ሰው ሳቅ አይጠላም፤ ሳቅ ነው የሚጥለው። ሳቅ ሲመጣበት ጉልበቱ ይከዳዋል፣ አንገቱ ይዝላል፣ ምላሱ ይታሰራል፣ ከዚያ እንደ ባዶ ጆንያ መሬት ላይ ዝርግት ይላል። ራሱን አይስትም። ሁሉን ይሰማል፣ ሁሉን ያውቃል፤ ጣቱን ግን ማንቀሳቀስ አይችልም። ቀን ቀን ደግሞ እንቅልፍ ይጥለዋል።

ሚስቱ ባለችበት ሐኪሟ በትዕግሥት አስረድታዋለች። አንጎል ውስጥ ንቁ ሁን፣ ጡንቻህን አትልቀቅ የሚል መልእክት የሚያደርስ ኬሚካል አለ፤ መልእክቱን የሚሰማ ተቀባይም በየሴሉ ላይ ተቀምጧል። «ያንተ ተቀባይ ደህና ነው፤ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። የጠፉት መልእክቱን የሚልኩት ሴሎች ናቸው» አለችው። ተቀባዩን ራሱን የሚቀሰቅስ መድኃኒት እየተሞከረ ነው፤ እሱ ዘንድ ግን ገና አልደረሰም። የሰጠችው ኪኒን እንቅልፉን ቀነሰለት፣ መውደቁን ግን አላስቀረለትም።

ከክሊኒኩ ሲወጡ ሚስቱን አስማላት። «ለወንድምሽ ትንፍሽ እንዳትይ። ከሚወድቅ ሰው ጋር መስታወት የሚሸከም የለም።» ሌላ ሙያ አያውቅማ፤ ልጆቹም ገና ትንንሾች ናቸው። ስለዚህ ቀልድ ሲጀመር ጉንጩን ከውስጥ ይነክሳል፣ የእናቱን ቀብር ያስባል። ምስኪን እናቱን በቀን ስንቴ እንደቀበራት እሱና ፈጣሪው ናቸው የሚያውቁት።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ከሰው ቁመት የሚበልጥ መስታወት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ላለ ልብስ ሰፊ ያደርሱ ነበር። ሕንጻው ሊፍት የለውም። ኮስታራው ከላይ ሆኖ ወደ ኋላ እየረገጠ ይወጣል፤ አማቹ ከታች ክብደቱን ተሸክሞ ይከተላል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ አንዲት አሮጊት በራቸውን ከፈቱና መነጽር ሳያደርጉ ከመስታወቱ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

«ደህና ነሽ? ግቢ እንጂ፣ ምን በር ላይ ያቆምሻል?» አሉ በትሕትና። ትንሽ ጠበቁ። «ይቺ ደግሞ የኔኑ ቀሚስ ለብሳ ትኮራብኛለች።»

አማቹ ከታች ሳቁን ለቀቀው። ኮስታራው ጉንጩን ነከሰ። እናቱን ቀበረ። አልሆነም፤ እናቱ ራሷ ከጉድጓዱ ውስጥ የሳቀች መሰለው። ጉልበቱ መላላት ጀመረ።

«አስቀምጠው» አለ።

«አንድ ፎቅ እኮ ነው የቀረን።»

«ስስቅ እወድቃለሁ። አስቀምጠው።»

በዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን ያልቀለደ ሰው ይህን ሲል አማቹ ምን ያስብ? «አሁን ገና ቀለድክ» ብሎ በሳቅ ፍርፍር አለ።

የኮስታራው እጅ ተለቀቀ። መስታወቱ ቁልቁል ሲንሸራተት አማቹ በክንዱ መከተው፤ ከደረጃው ብረት ጋር ተጋጭቶ ተሰበረና ክንዱን ከክርን እስከ አንጓ ቀደደው።

ኮስታራው ጉንጩ ሲሚንቶው ላይ ተለጥፎ ሁሉን ይሰማል። አሮጊቷ «ሞተ» ሲሉ ሰማ። አማቹ እየሮጠ መጥቶ ጭንቅላቱን አቀፈው፤ ደሙ ሞቅ ብሎ አንገቱ ላይ ወረደ።

«ተነስ፣ በእናትህ። እኔው ገደልኩህ። አንድ ቀን ላስቅህ ብዬ ከየመንገዱ ቀልድ ስለቅም ኖርኩ። አይወደኝም ብዬ እኮ ነው።»

የኮስታራው ጣት መላወስ ጀምሮ ነበር። ይህን ሲሰማ ሆዱ ባባ፤ ያችውም ጣት መልሳ ዛለች። የሚያዝለው ለካ ሳቅ ብቻ አይደለም። አልጠላሁህም ሊለው ፈለገ። ምላሱ እንደ እርጥብ ጨርቅ አፉ ውስጥ ተኝቷል።

ሚስቱ ያን ዕለት ለወንድሟ ሁሉን ነገረችው። እሱም ክንዱ እንደዳነ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ጥሎት አልሄደም። ብቻ «ያዝ»፣ «ቀስ»፣ «አውርድ» ከማለት በቀር ቃል አይወጣውም። ውጭ ከደንበኛ ጋር ሲሳሳቅ ይሰማል፤ ኮስታራው ብቅ ሲል ሁሉም ጸጥ ይላሉ። እነዚያ ሰማኋቸው ብሎ የማያውቃቸው ቀልዶች አሁን ክፉኛ ናፈቁት።

አንድ ቀን የያዙትን መስታወት ግድግዳ አስደገፈ፣ አለመንሸራተቱን ሁለቴ አየና ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

«ምንም አልያዝኩም። መሬት ላይ ነኝ፤ ከዚህ ወዴት እወድቃለሁ? አንዷን ንገረኝ።»

አማቹ አየው። ከንፈሩ ሊከፈት ከጅሎት ነበር። ከዚያ ዓይኑ ክንዱ ላይ ያለው ጠባሳ ላይ አረፈ።

«ዳግም ላላስቅህ ለእህቴ ምዬላታለሁ» አለ። «ተነስ፣ ደንበኛው እየጠበቀን ነው።»

እጁን ዘረጋለት። ኮስታራው ይዞት ተነሳ፤ ጉልበቱ ቀጥ ብሎ ቆመለት። መስታወቱን በሁለት ወገን ይዘው ወጡ።