በአደራ የተሰጠ ክንድ

ክሊፍ ፌርኸርስትን በቴሌቪዥን ሲታገል ያየ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ባሮን ስትራካ በሚል ስም ነው። ባሮን ስትራካ አገሩ በውል የማይታወቅ፣ እንግሊዝኛ የማይገባው፣ ዳኛው ፊቱን ባዞረ ቁጥር የሰው ዓይን የሚጠነቁል ክፉ መኮንን ነበር። እኛ ግን ጎረቤቶቹ ነን። ባሮኑ ሰኞ ሰኞ ጠባብ ሱሪውን ከጓሮ ገመድ ላይ ሲያሰጣ እናያለን። ለሚስቱ ለኤድና ድንች ሲልጥላትም እናያለን፤ ልጣጩን በጣም ያሳሳው ስለነበር ኤድና ለሰው ሁሉ ታወራለት ነበር። በትግል መድረክ ላይ አንዲት ቃል የማይተነፍሰው አፉን ከከፈተ የእንግሊዟ የዊጋን ከተማ ልጅ መሆኑ ስለሚታወቅበት ነው።

ካባውን የምሰፋለት እኔ ነበርኩ። ከጥጥ ፋብሪካው ከወጣሁ በኋላ ፊት ለፊት ባለችው ክፍሌ ልብስ እሰፋ ነበር። የመጀመሪያውን ካባ ከወይን ጠጅ ቀለም ከፈይ ሠርቼ፣ ትከሻውን ደርቤ ሰፍቼ ስሰጠው ሳብ ሳብ አደረገው።

«ዊኒ፣ በጣም ጠነከረ።»

«እንዳይቀደድ ነዋ።»

«መቀደድ አለበት» አለኝ። እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ። ጆሮዎቹ በልጅነቱ በትግል የተጨፈለቁ ስለነበሩ ሲቀሉ ያስታውቃሉ። «በቀኝ በኩል አላልተሽ ስፊው። ሲጎተት በአንዴ ተቀዶ እንዲሄድ።»

ትግሉ ማስመሰል መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ከዚያ በኋላም አልጠየቅኩትም። በእነሱ ሙያ ትልቁ ነውር ማውራት ነው። ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ የተወሰነ መሆኑን ለሚስታቸው እንኳ የማይናገሩ ነበሩ። መድረክ ላይ ክፉ የሚሆነውና ደግ የሚሆነው አንድ ሻይ ቤት አይቀመጡም፤ በአንድ መኪና አይታዩም። ክሊፍ ሬይ ዳንቨርስ የሚባለውን ወጣት ታጋይ በመኪናው ይዞ ሲሄድ፣ ከተማው መግቢያ ላይ ሲደርሱ ሬይ ከኋላ ወንበር ሥር ተኝቶ ብርድ ልብስ ይለብሳል። ሬይ ፀጉር አስተካካይ የነበረ፣ ወርቅ የመሰለ ጠጉር ያለው፣ ሴቶች የሚወዱት ልጅ ነው። ትግል ብዙም አያውቅም፤ መውደቅ ግን ያውቅበታል። እንዴት እንደሚወደቅ ያስተማረው ክሊፍ ነው። እሑድ እሑድ በጓሮ በር እየገባ ኤድና ጋ ምሳ ይበላ ነበር።

የክሊፍ አባት ሚስተር ኤዝራ ፌርኸርስት ደግሞ ከእኔ በስተግራ ያለው ቤት ውስጥ ይኖራሉ። ዕድሜያቸውን በሙሉ የድንጋይ ከሰል ሲቆፍሩ የኖሩ፣ በወጣትነታቸው ከመጠጥ ቤቱ ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ ጎጆ ውስጥ የምር ትግል የታገሉ ሰው ናቸው። የፈረስ ጠጉር በታጨቀበት አሮጌ ምንጣፍ ላይ ነበር የሚታገሉት። በዚያ ትግል ያገኙት የብር ዋንጫ ከምድጃቸው በላይ ከሰዓቱ ጎን ተቀምጧል፤ አቧራውን የሚጠርጉት እሳቸው ብቻ ናቸው። ክሊፍን በእግሩ መሄድ እንደጀመረ ወደ ጎጆዋ ወሰዱት፤ የሚያውቁትን ሁሉ አስተማሩት። ልጁ ግን ማዕድን ማውጫው ውስጥ መውረድ አልቻለም። አንድ ጊዜ ወርዶ እያለቀሰ ወጣ። ትግል እንጀራው የሆነው ከዚያ በኋላ ነው።

ሚስተር ኤዝራ ስለ ባሮን ስትራካ አያነሱም። ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ መንገዱ ሁሉ ቴሌቪዥን ከፍቶ ትግል ሲያይ፣ እሳቸው መኮትኮቻቸውን ይዘው ባሮ ሽንኩርት ወደተከሉባት መሬት ይሄዳሉ። ክሊፍ መጥቶ የሻይ ውሃ ሲጥድላቸው ስለ አየሩ ይነጋገራሉ። አባትና ልጅ ስለ ትግል ሳይነጋገሩ ብዙ ዓመት ኖሩ።

በአንድ የበልግ ወር ዓሣና ድንች ጥብስ ከሚሸጥበት ሱቅ መስኮት ላይ አንድ ማስታወቂያ ተለጠፈ። በከተማችን አዳራሽ ትግል አለ ይላል፤ ከሬይ ዳንቨርስ ስም ትይዩ የተጻፈው ክሊፍ ፌርኸርስት የሚል ነው። እዚህ ባሮን ነኝ ብሎ ማንንም ማታለል ስለማይቻል፣ ዝግጅቱን የሚመራው ሚስተር ሎማክስ በክሊፍ እውነተኛ ስም አወጣው። ሚስተር ኤዝራ በአጥሩ በኩል ጠሩኝ።

«ዊኒ፣ ስማችንን ለጥፈውታል።»

«አየሁት፣ ሚስተር ፌርኸርስት።»

«ስትሄጂ ለእኔም አጠገብሽ ወንበር ያዢልኝ።»

ይህን ለክሊፍ የነገርኩት ልብሱን ስለካው ነው። መርፌዎቹን ከአፌ አውጥቼ ነገርኩት።

«የምሸነፈው እኔ ነኝ፣ ዊኒ» አለኝ። ሰው እንዳይሰማው ፈርቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ቤት ውስጥ ግን ከእኔና ከድመቷ በቀር ማንም አልነበረም። «አምስተኛው ዙር ላይ። ትከሻዬን ራሴ ነኝ ምንጣፉ ላይ የማስቀምጠው።»

«ለሚስተር ሎማክስ ብትነግረውስ?»

«ነገርኩት። እኩል ለእኩል እንውጣ፣ አባቴ ሊመጣ ነው አልኩት። ሬይ በሚቀጥለው ወር ቴሌቪዥን ላይ ስለሚወጣ ማሸነፍ አለበት አለኝ። ‹ለአባትህ ፊት ለፊት ወንበር በነጻ እሰጣቸዋለሁ፣ ከዚያ በላይ ምን ላድርግልህ?› አለኝ።» ከዚያ የአዲሱን ካባ ትከሻ ዳሰሰ። ጥቁር፣ ጌጥ የሌለው ነበር። «ይኼን ደርበሽ ስፊው።»

ደርቤ ሰፋሁለት።

በዚያ ምሽት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሚስስ ፒሊንግ የባርኔጣዋን መርፌ ይዛ እንደ ልማዷ ገመዱ ሥር ተቀምጣለች፤ የስንቱን ክፉ ታጋይ ቂጥ የወጋች ሴት ናት። ሚስተር ኤዝራ ለቀብር የሚለብሱትን ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከጎኔ ተቀመጡ። ክሊፍ ሲወጣ አዳራሹ ሳቀ፤ ጭብጨባም ነበረበት።

«ባሮን፣ እንግሊዝኛህ እንዴት ነው አሁን?» አለ አንዱ ከኋላችን።

«ድንቹን ልጠህ ነው የመጣኸው?» አለ ሌላው።

እነዚያ ጆሮዎች ቀሉ። የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ጥሩ ነበሩ። ክሊፍ አባቱ ያስተማሩትን እየቀላቀለ ሲታገል ሚስተር ኤዝራ አንድ ሁለት ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። አምስተኛው ዙር ሲጀመር ግን ከኋላ ያለው ሰውዬ ጎንበስ ብሎ የሚስተር ኤዝራን ትከሻ ነካ አደረገ።

«አባት፣ ትራስ ይዘውለት መጥተዋል? አሁን ሊተኛልዎት ነው።»

አካባቢው በሳቅ ፈረሰ። ሚስተር ኤዝራ ዞር አላሉም። ክሊፍ ግን መድረኩ ላይ ሆኖ ሰማ፤ ቀና ብሎ ወደ አባቱ አየ።

በዚያን ጊዜ ሬይ ግራ ክንዱን ዘረጋለት። በኋላ እንደተረዳሁት የተነጋገሩት እንዲህ ነበር፤ ክሊፍ ክንዱን ይዞ ያጣምማል፣ ሬይ ይጮሃል፣ ከዚያ ተገልብጦ ያመልጥና ክሊፍን ይጥለዋል። ክሊፍ ክንዱን ያዘ። አልለቀቀውም። በጎጆዋ የተማረውን አያያዝ ያዘውና ጉልበቱን አስገብቶ ወደኋላ ገፋ። የሬይ ፊት መጀመሪያ የተገረመ ሰው ፊት ሆነ። «ክሊፍ» አለ ቀስ ብሎ፤ እኛ ያለንበት ድረስ ተሰማ። «ክሊፍ፣ ኧረ ክሊፍ።» ዳኛው የጨዋታው ክፍል መስሎት ፈገግ እንዳለ ነበር። ከዚያ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ጨርቅ ሲቀደድ የሚሰማ ዓይነት አልነበረም።

ሰዉ ጮኸ፣ አፏጨ፣ ሳቀ። ሚስስ ፒሊንግ በመርፌዋ ለመውጋት ገመዱን ይዛ ተንጠለጠለች። ክሊፍ ተነሥቶ ራሱ እጁን አነሣና አባቱን ፈለገ። ሚስተር ኤዝራ ቆባቸውን እያደረጉ ነበር።

«እንሂድ፣ ዊኒ» አሉኝ።

ቤታቸው ደርሰን ሻይ እያፈላሁላቸው ሳለ ክሊፍ ከኤድና ጋር በጓሮ በር ገባ። እንደ ልጅ በሩ ሥር ቆመ።

«አየኸው፣ አባባ?»

«አየሁት።»

«የምር ነበር። ማስመሰል አልነበረም።»

«የምር መሆኑን አውቃለሁ» አሉ ሚስተር ኤዝራ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። «እኔ ሰው ስጥል ሰውየው ሊጥለኝ እየመጣ ነበር። ያ ልጅ ግን ክንዱን ዘረጋልህ። እንዳትጎዳው አምኖ፣ አደራ ብሎ ነው የሰጠህ። አንተ ሰበርከው።»

«ለአንተ ብዬ ነው።»

«ለእኔ አይደለም። ወንበር ይዤ የተቀመጥኩት ልጄን ለማየት ነው እንጂ ስታሸንፍ ልይህ መች አልኩ? ብትወድቅ ኖሮ ወደቀ ብዬ ሻዬን እጠጣ ነበር።» ስኒያቸውን አዞሩ። «ባሮኑ አድርጎት ቢሆን ባሮኑ ይሸከመው ነበር። አሁን የኛ ስም ነው።»

ኤድና አለቀሰች። ክሊፍ አላለቀሰም፤ ያደረገውን ያኔ ገና ያየው ይመስል ሁለት እጆቹን እያየ ወጣ።

በማግሥቱ ክሊፍ፣ ሬይ ወደተኛበት ወደ ቦልተን ሆስፒታል ሄደ። ነርሷ አልጋው አጠገብ ነበረች። ሬይ እንዳየው «ይኼን አውሬ ከፊቴ አስወጡልኝ» ብሎ ጮኸ፤ በሙያው ሕግ መሠረት ደጉ ከክፉው ጋር በሰው ፊት ሊስማማ አይችልምና። ክንዱ በጀሶ ታስሮ እንኳ የክሊፍን ምስጢር ይጠብቅ ነበር። ነርሷ ስትወጣ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ክሊፍ፣ ምን በደልኩህ?» አለው። ክሊፍ ይህን ሲነግረኝ ፊቱን ወደ ግድግዳዬ አዙሮ ነበር።

የሬይ ክንድ ከዚያ ወዲያ ቀጥ አላለም። ሬይ ቴሌቪዥኑም ቀረበት፤ መቀሱንም ከፍ አድርጎ መያዝ አልቻለም። ሰፈሩ ግን ምንም አላወቀም። ክሊፍ መንገድ ላይ ባለፈ ቁጥር ጀርባውን መታ መታ እያደረጉ፣ «ደህና አድርገህ አስመሰልከው፣ እኔ ራሴ አመንኩ እኮ» ይሉት ነበር። ሚስተር ሎማክስም ስሙ እንደገነነ ነግሮት ሌላ ትግል አመጣለት። ክሊፍ እምቢ አለ። የወይን ጠጅ ቀለሙን ካባ አጣጥፎ አመጣልኝና «ለሌላ ነገር ቁረጪው» አለኝ። ለኤድና ኮት ገበር አደረግሁት። እሱ የትምህርት ቤት ማሞቂያ ጠባቂ ሆኖ ተቀጠረ።

ሐሙስ ሐሙስ ሬይን ለክንዱ ሕክምና በመኪናው ይወስደው ጀመር። ብርድ ልብስ ግን የለም። ሬይ ከፊት ከጎኑ ተቀምጦ በዋናው መንገድ ያልፋሉ፤ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ቆመው ሁለቱም ወርደው ይገዛሉ። ሚስስ ፒሊንግ ወረፋ ላይ ሆና አየቻቸው።

«እንግዲህ ሁሉም ውሸት ነበር ማለት ነው» አለች ሰው ሁሉ እየሰማ። «ጓደኛሞች ናችሁ። ይኼን ያህል ዓመት አሞኛችሁኝ።»

«አዎ፣ ሚስስ ፒሊንግ» አለ ክሊፍ። «ውሸት ነበር። ክንዱ ብቻ ነው እውነት።»

ከእሷ ቀጥሎ ሌላው ሰማ። አታላይ ተባለ። የቀድሞ የሙያ ጓደኞቹም ምስጢር አወጣ ብለው ሰላምታ ነፈጉት። እሱ ግን ሐሙስን አልተወም። ሚስተር ኤዝራ ከመስኮታቸው መኪናዋ ስታልፍ ያያሉ፤ አንድም ቀን ስለ እሷ አላነሡም።

የከሰል አቧራው ሳንባቸውን እየበላው ሄዶ፣ ክረምቱ ሲገባ ብቻቸውን ከወንበር መነሣት አቃታቸው። ክሊፍ ሊያነሣቸው ጎንበስ ሲል «እችላለሁ» ይላሉ፤ ወይ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይይዛሉ፣ ወይ እኔን «ዊኒ፣ ትከሻሽን» ይላሉ። እኔ ቀጭን ሴት ነኝ። ያ ሁሉ ጉልበት ያለው ልጃቸው እጁን አጣምሮ ቆሞ ያየናል።

አንድ ሐሙስ ክሊፍ ሬይን አድርሶ ሲመለስ ወደ አባቱ ቤት ጎራ አለ። እኔ ሾርባ ይዤ በሩ ላይ ነበርኩ። ሚስተር ኤዝራ ወደ አልጋቸው ሊሄዱ ፈልገው ጠረጴዛውን አዩት፤ እኔንም አዩኝ። ከዚያ ቀኝ ክንዳቸውን ወደ ክሊፍ ዘረጉ።

ክሊፍ አልያዘውም። የተዘረጋውን ክንድ ብቻ እያየ ቆመ፤ ጆሮዎቹ እንደዚያን ምሽት ቀልተዋል። አባቱ ክንዳቸውን አልመለሱም። በመጨረሻ ቀረበና የሞላ ሳህን እንደሚይዝ ሰው ከሥር በሁለት እጁ ደገፈው።

«ጠበቅ አድርገህ ያዝ እንጂ» አሉት ሚስተር ኤዝራ። «ልትጥለኝ ነው።»