በቺካጎ ዞረን የጠየቅናት ልጅ

ባለፈው ቅዳሜ ዴንቨር ውስጥ ሴንትራል ፓርክ ጣቢያ የከተማውን ባቡር ስጠብቅ ናቲ ደወለልኝ። ሞንትቤሎ ሰፈር ጎረቤቴ ሆኖ ያደገ ልጅ ነው።

«ጋሼ፣ ሽማግሌ ይሁኑልኝ። የማገባት ልጅ ቤተሰቦች ሚኔሶታ ናቸው። ቢዚ ስለሆኑ በቪዲዮ ብናደርገው ብዬ ነው።»

«መልሼ ልደውልልህ» አልኩት። ባቡሩ መጥቶ ሄደ፤ እኔ ቆሜ ቀረሁ።

የድሮው የሽምግልና ጉዞ ትዝ አለኝ፤ ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ ውስጥ በመኪና ዕቃ አደርስ ነበር፤ ቀይ መብራት በያዘኝ ቁጥር ስንኝ እጽፋለሁ። ያስተማረኝ የለም፤ ያነበበልኝም የለም። አብሮኝ የሚኖረው ሳምሶን እንግልውድ ሆስፒታል ይሠራል፤ ህሊና የምትባል ልጅ ወደደ። አባቷ ሞንታና፣ ከካናዳ ድንበር አጠገብ ባለች ትንሽ ከተማ ይኖራሉ። ሳምሶን ደውሎ ጠየቃቸው።

«ልጄ ፒዛ ናት እንዴ በስልክ የምትታዘዘው?» ብለው ዘጉበት። ህሊና ደግሞ ያለ አባቴ ምርቃት አላገባም አለች።

ሽማግሌ መላክ ግድ ሆነ። የሰፈራችን አዛውንት ጋሽ ተፈራ እሺ አሉ፤ ነገር ግን አውሮፕላን አይሳፈሩም፣ በረዶ ላይ የሚሄድ መኪናም አያምኑም። የቀረው ባቡር ነው። ባቡሩ ደግሞ መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ፣ ቺካጎ ይወስድና በሌላ ባቡር ወደ ሰሜን ምዕራብ ይመልሳል። ካርታ ላይ ሲታይ የሰካራም መንገድ ይመስላል። ሁለተኛው ሽማግሌ እኔ ሆንኩ። ለዚሁ ስል ጢም አሳደግሁ፤ ግማሹ አልበቀለም።

የገና ጾም ስለነበር ጋሽ ተፈራ በሶ ይዘዋል። በውሃ ጠርሙስ በጥብጠው ሲሰጡኝ የተቆላው ገብስ ሽታ ፉርጎውን ሞላው። ሚኔሶታን ስናልፍ አገሩ ተዘረጋ። በረዶ የለበሰ ሜዳ፣ አንድ የእህል ጎተራ፣ አንድ ነዳጅ ማደያ፣ ሁለት መንገድ፤ ከተማው አለቀ። ከዚያ እንደገና ሜዳ። አንድ ጣቢያ ላይ ፒጃማዋ ላይ ካፖርት የደረበች እናት ከባቡሩ የወረደ ልጇን አቅፋ ተቀበለች፤ ባቡሩ ሲነሳም አልተላቀቁም። እኔ ግን ለህሊና አባት የማነበውን አሥራ ሁለት ስንኝ እያሳመርኩ ነበር።

«ና እንለማመድ» አሉ ጋሽ ተፈራ ተነስተው። «አንተ አባትየው ነህ።»

ኮስተር አልኩ። «ልጄ ገና ተማሪ ናት።»

«ትማር፤ የኛም ልጅ ያስተምራታል። እሺታዎን ሳንሰማ አንቀመጥም።»

ባቡሩ ሲወዛወዝ እሳቸውም ይወዛወዛሉ። የባቡሩ ሠራተኛ መጥቶ ይቀመጡ አላቸው።

«ሳይፈቀድልኝ አልቀመጥም በለው።»

«በቃ ጋሼ፣ ሰጥተናል! ይቀመጡ!» አልኩ።

«እንዲህ በቀላሉ? አንተስ የልጅ አባት አይወጣህም!» ብለው እያጉረመረሙ ተቀመጡ።

ከቺካጎ በተነሳን በማግስቱ ከሰዓት ደረስን። በረዶው ጉልበት ይደርሳል። አባትየው በሩን ከፍተው ተቀመጡ አሉን፤ ቆምን። ጋሽ ተፈራ አፋቸውን ከፈቱ፤ ያ ሁሉ ልምምድ ጠፋባቸው። ከእኛ ቀድማ አባቷ ቤት የመጣችው ህሊና ጓዳ በር ላይ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ታየናለች። እኔ ደብተሬን ከኪሴ ማውጣት ጀመርኩ።

«የመጣነው በባቡር ነው» አሉ በመጨረሻ።

«ከዴንቨር?»

«በቺካጎ ዞረን።»

አባትየው የረጠበ ጫማችንን አዩ። «በቺካጎ! ለአንድ ልጅ?»

«ለሁለት ልጆች» አሉ ጋሽ ተፈራ።

አባትየው ወደ ህሊና ዞር ብለው አዩዋት። ከዚያ ሳቅ አመለጣቸው። «በወጉ ቀጠሮ ሰጥቼ ልመልሳችሁ ይገባ ነበር። ግን እናንተን እንደገና በቺካጎ ባዞር ግፍ ይሆንብኛል። ሰጥተናል፤ ተቀመጡ።»

ደብተሬን ወደ ኪሴ መለስኩት። ያ ግጥም እስከ ዛሬ አልተነበበም፤ ባይነበብም አልከፋኝም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጽፌያለሁ፤ «የመጣነው በባቡር ነው» ከሚለው የሚበልጥ ስንኝ ግን አልወጣኝም። ሰው የሚሰጠው ለቃላችን ብቻ አይደለም፤ ቃሉን ይዘን ለመጣንበት መንገድም ነው።

ቤት ስገባ ለናቲ ደወልኩለት።

«ቪዲዮው ይቅር። በባቡር እሄዳለሁ።»

«ሚኔሶታ? በየት በኩል ጋሼ?»

«በቺካጎ ነዋ። አንተ በሶ ግዛ፤ ጢሙ አሁን አለኝ።»