አራተኛው ከረጢት

በአፈር ምርመራ ላቦራቶሪ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራችውን ሴት ባልደረቦቿ «ደጋሚዋ» ይሏታል። ውጤት ካላማራት ከሀ ጀምራ ስለምትደግመው ነው።

አንድ ቀን አንድ አዛውንት ገበሬ አራት ከረጢት አፈር ይዘው መጡ።

«ደጋሚዋ አንቺ ነሽ?» አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ነኝ አባባ። ግን የምደግመው ሥራዬን ነው፤ ድግምት አላውቅም።»

«እኔማ ለአፈሬ ትደግሚልኛለሽ ብዬ ነበር» አሉና ሳቁ። ከዚያ ችግራቸውን ነገሯት። ማዳበሪያ እየበተኑ ስንዴው ግን ቀጭጮ ይቀራል።

«ሸክላማ አፈር እጁ አይፈታም» አለቻቸው። «በማዳበሪያው የሰጡትን ፎስፈረስ ጨምድዶ ይይዘዋል። እኔ የምለካው ለሥሩ የሚለቀውን ያህል ነው።»

አፈሩን ጥላ ላይ አድርቃ፣ ፈጭታ፣ በወንፊት ነፋችው። በሶዳ ውሃ ግማሽ ሰዓት ንጣ አጠለለችው። ቀለም የሚያወጣውን ፈሳሽ ስትጨምርበት ፎስፈረስ ካለ ውሃው ሰማያዊ ይሆናል፤ በበዛ ቁጥር ይደምቃል። ሦስቱን ብልቃጦች ሰማያዊው ነካ እንኳ አላደረጋቸውም። አራተኛው ቦግ አለ።

ፎስፈረሱን ከእጥበት የቀረ ሳሙና ያመጣው መስሏት ብልቃጦቹን በአሲድ አጥባ ደገመችው። ያው ነው። ሠለሰችው። ያው።

«የአራቱን አማካይ ጻፊና እለፊው» አላት አለቃዋ። «ወረፋው በር ደርሷል።»

«አማካዩ የየትኛውም መሬት አይደለም» ብላ ለአዛውንቱ ስልክ ደወለች።

አዛውንቱ በማግስቱ መጡ። «አራተኛውን ከየት ነው ያመጡት?» አለቻቸው።

«ከቤቱ ጀርባ፣ ከጥጉ።»

«እዚያ የሚደፋ ነገር ነበር?»

«የበረት ጥራጊ፣ አመድ፣ አጥንት። ባለቤቴ ናት። አርባ ዓመት ሙሉ በየማለዳው ተሸክማ ትደፋ ነበር። እርሻዬን ቆሻሻ አደረግሽው እያልኩ እነዘንዛታለሁ፤ እሷ እቴ፣ መች ትሰማኛለች። ካረፈች ሦስት ዓመቷ።»

ደጋሚዋ ወደ ውስጥ አስገባቻቸው። አራቱን ብልቃጦች መስኮቱ ጋ ደረደረችላቸው።

«ይሄኛው የሷ ነው?» አሉ ወደ ሰማያዊው እየጠቆሙ።

«የሷ ነው።»

ክዳኑን አጥብቃ ሰጠቻቸው። በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት። እሷም ሥራ ያላት መስላ ፊቷን አዞረች።

ማንበብ ስለማይችሉ ማሳውን በወረቀት ሳለችላቸው። ጥጉ ለጥቂት ዓመታት ፎስፈረስ አይጨመርበትም። ሌላው ላይ መበተን ቀርቶ ማዳበሪያው በመስመር፣ ከዘሩ አጠገብ ይገባል፤ ሸክላው ሳይቀድም ሥሩ እንዲያገኘው። ጥራጊም በየዓመቱ ይጨመርበታል።

ከመከር በኋላ አዛውንቱ ያለ ከረጢት፣ ባዶ እጃቸውን ብቅ አሉ። ስንዴው ዘንድሮ ፍሬ ይዟል።

«ጥራጊውን ማን ይሸከምልዎታል?» አለቻቸው።

«ራሴ ነኛ። ወገቤን ቆረጠኝ።» ወንበሩ ላይ ተመቻችተው ተቀመጡ። «በየማለዳው ይቅርታ እየጠየቅኳት እደፋለሁ።»

ደጋሚዋ ወንበሯን ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። የዚያን ቀን ወረፋው ትንሽ ጠበቀ።